የእትዬ ግድግዳና የእኔ ሁለት ሽቦ

እናቴ «አንቺን ያረገዝኩሽ እየሮጥኩ ነው» ትለኛለች፤ ተሳስታለች ልል ብፈልግም አልችልም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ እግሬ ሲወዛወዝ ጎኔ ያለው ሰው ወንበሩን ያሸሻል። ወጥ ጥጄ ክዳኑን ደጋግሜ እየከፈትኩ እንፋሎቱን እጨርሰዋለሁ። ሰው ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ሲያወራኝ መጨረሻውን ቀድሜ እናገርለታለሁ፤ ብዙ ጊዜም እሳሳታለሁ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው ለእኔ ነው።

እንጀራዬ ግን መጠበቅ ሆነ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ትንሽ ድርጅት ቀጥራኝ በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ እለካለሁ። የውሃ ታንከር ሲያዘነብል፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንጠራለን። ስንጥቁን አሻግረን ዘንግ ያለው ሴንሰር እናስራለን፤ ስንጥቁ ሲሰፋ ዘንጉ ይሳባል፣ ዘንጉ ሲሳብ ከሴንሰሩ የሚወጣው ቮልት ይጨምራል። ሽቦው ዳታ ሎገር ወደምንላት ሣጥን ይገባል፤ ሣጥኗ ቮልቱን በየጊዜው እያየች ትመዘግባለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ያን ጊዜ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ከሰንጋ ተራ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ ዳር ለአንድ ትልቅ ሕንፃ መሠረት ይቆፈር ነበር፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ የድሮ ግቢ ቀርቷል። አንድ ረድፍ የጭቃ ቤት፣ ለሁሉም አንድ ኩሽና፣ አንድ የቧንቧ ውሃ፣ አንድ ቆጣሪ። ወደ ጉድጓዱ የተጠጋው የመጨረሻው ቤት የጋሼና የእትዬ ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዛሬም ግን ቢሮ እንደሚገባ ሰው ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው በራፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። አልጋቸው የተጠጋው ጉድጓዱን በሚያዋስነው ግድግዳ ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ከትራሳቸው በላይ ነው።

ልጃቸው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አላት፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ክፍል አዘጋጅታ «ኑ» ብላቸዋለች። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ክንዴን ይዘው ወደ ግቢው በር ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያንን ደረጃ በሰው ትከሻ ከወጣች ዳግመኛ በሕይወቷ አትወርደውም። እሷም ታውቀዋለች። ግድግዳው የሚወድቅ ከሆነ ዛሬውኑ አስወጣታለሁ። የማይወድቅ ከሆነ ግን በከንቱ ከቤቷ አላወጣትም። ሁሉም ‹ምናልባት› ይለኛል። አንቺ እርግጡን ንገሪኝ።»

«እነግርዎታለሁ ጋሼ» አልኩ። አፌ እንደ እግሬ ነው፤ ይቀድመኛል።

ግቢው አልወደደኝም። በዚህ ዘመን ልደታ ውስጥ ሜትርና ሽቦ ይዞ ግቢ የገባ ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ኩሽናውን የሚያስተዳድሩት ደልደል ያሉ ሴት ወገባቸውን ይዘው «መቼ ነው የምታፈርሱን?» አሉኝ። ለማፍረስ ሳይሆን እንዳይፈርስ ለማየት ነው የመጣሁት ብላቸው «ሁሉም ሲመጣ እንዲያ ነው የሚለው» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያም ሆኖ ጭቃ የበላው ጫማዬን አውልቄ ቧንቧው ጋ ላጥብ ስል ከኩሽና ጮኹብኝ። «ጫማሽን እንዳታወልቂ! ስትከፍቺም በጨርቁ ያዢው!» የቧንቧው እጀታ እውነትም በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሏል። ንጽሕና የሚወድ ግቢ ነው ብዬ አለፍኩ።

አለቃዬ አንድ ጊዜ መብረቅ ዕቃ አቃጥሎበት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ግራውንድ። ብረት የሆነውን ሁሉ ከመሬት ጋር ማሰር። ሴንሰሩ ግድግዳው ጋ ባለች ትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው፤ የባትሪዋን ኔጌቲቭ እዚያው ከውሃ ቧንቧው ጋር እንዳስር አዘዘኝ። ሣጥኗ ደግሞ ጉድጓዱ ማዶ፣ የሳይቱ ቢሮ በሆነው ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጣለች፤ እሷንም ኮንቴይነሩ ሥር ከተቀበረው የመዳብ ዘንግ ጋር አሰርናት።

«አንድ ሽቦ ሁለት ቦታ መሬት ሲነካ ጥሩ አይደለም» አልኩት።

«ከአንድ ሁለት ይሻላል» አለኝ። አለቃ ነው፤ ታሰረ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ቮልት ማለት ልዩነት ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻውን ቮልት የለውም። የሰው ቁመት ሲለካ የቆመበት ወለል መታወቅ አለበት፤ እኛ መለኪያዎች ወለል የምንለው መሬትን ነው። መሬት ደግሞ የትም ቦታ እኩል ይመስለናል። እዚህ ያለው መሬትና እዚያ ማዶ ያለው መሬት አንድ ነው ብለን አምነን እንተኛለን።

ሴንሰሩ ከታሰረ በኋላ ግድግዳው መተንፈስ ጀመረ። ሌላ ቃል የለኝም። ጠዋት ጸጥ ይላል። ረፋድ ላይ ቁጥሩ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ከምሳ በኋላ ይረጋል። ሲመሻሽ ደግሞ ይጀምረዋል። በላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ስንጥቁ በየቀኑ ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፍቶ ተመልሶ እንደሚዘጋ ያሳያል።

የሳይቱ ኢንጂነር በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ቆብ ከራሱ የማይወልቅ ወጣት ነው። መስመሩን አይቶ «ኖይዝ ነው በቃ፣ የሽቦ ጩኸት ነው፤ እንቆፍር» አለ። በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው እንብላው» ነው ይባላል፤ የእሱም ቅኝት እንቆፍር እንቆፍር ነው። ይህንን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ሳቀና የመቆፈሪያ መኪናውን፣ እስካቫተሩን፣ አስነሣ። ግቢ ስገባ ደግሞ የኩሽናዋ ሴት «ግድግዳው እያጣጣረ ነው፣ እናንተ ቁጥር ትቆጥራላችሁ» ይሉኛል። ጋሼ ብዙ አይናገሩም። ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እህስ?» ብቻ ይላሉ።

ያ «እህስ» እንቅልፍ ነሳኝ። ከኮንቴይነሩ ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ ኮንቴይነሩ ስመላለስ የሳይቱ ዘበኛ መታወቂያ መጠየቁን ተወው። ሜክሲኮ ምሳ ልበላ ገብቼ ፍርፍሩን ግማሹን ትቼ እነሣለሁ። ሣጥኗ ቁጥሩን ስልኬ ላይ እንድታሳየኝ አድርጌያለሁ፤ ያ የባሰ ሆነ። ታክሲ ውስጥ አያለሁ፣ ራት ላይ አያለሁ። እናቴ «ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጋባሽ እንዴ?» አለችኝ። ልስቅ ፈልጌ ተናደድኩባት።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። መስመሩ እንደሚዋሽ አውቄያለሁ። የተሰነጠቀ ጭቃ ተከፍቶ ተመልሶ አይገጥምም፤ ያውም በየቀኑ፣ ያውም በሰዓቱ። ሆኖም ውሸቱን ማወቅ እውነቱን ማወቅ አይደለም። ውሸታም ሰውም «ቤቴ ተቃጠለ» ሲል አንዳንዴ ቤቱ ተቃጥሎ ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ግድግዳው ቆሞ ይሁን እየሄደ አላውቅም። እትዬ ደግሞ ሥሩ ተኝተዋል።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ልደታ ናት። ያን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እንደለበሰ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ጧፍና እጣን የሚሸጡት ሴቶች አስፋልቱን ይዘውታል። በግቢው የጽዋ ማኅበር አለ፤ የዚያ ወር ባለተራ የኩሽናዋ ሴት ነበሩ። እኔ ሕዝቡን እየገፋሁ ወደ ሳይቱ ስሄድ ስልኬን አየሁና ባለሁበት ቀረሁ። ቁጥሩ አብዷል። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ኮንቴይነሩን ትቼ ቀጥታ ወደ ግቢው ሮጥኩ።

ጋሼ በራቸው ላይ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፣ ተረጋግተዋል። ሮጬ ገብቼ ስንጥቁን በእጄ ዳሰስኩት፤ ያው ነው። እትዬ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩኝ። ወጣሁ። ኩሽናው በሴቶች ተሞልቷል፤ ትልልቅ ብረት ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃዎች ላይ ተጥዷል። ከምድጃዎቹ አንዱን ልታበራ አንዷ እጇን ስትሰድ ስልኬን እያየሁ ነበር። ቁጥሩ ዘለለ።

«እስቲ እሱን አጥፉልኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ባለተራዋ።

«ምድጃውን። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ወጡ እኮ ገና መንተክተኩ ነው! ማኅበርተኛው ሊገባ ነው!»

ራሴ ገብቼ አጠፋሁት። ቁጥሩ ወረደ። አበራሁት፤ ወጣ። «ሁሉንም አጥፉ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ከድንጋጤ የተነሣ አጠፉ። ስልኬ ላይ ያለው መስመር እንደ ክር ቀጥ አለ። «አብሩ!» አበሩ። አበደ። «አጥፉ!»

«ኧረ በልደታ ይሁንብሽ!» አሉ ሴትዮዋ ማማሰያቸውን ይዘው። «ልጅቷን ምን ነካት? ሌባ ናችሁ ልትይን ነው? ቆጣሪያችን በሕግ የገባ ነው!»

ወደ ምድጃዎቹ የሚገባውን ገመድ በእጄ እየተከተልኩ በኩሽናው ጀርባ ዞርኩ። ሁለት ሽቦ ነው። አንደኛው ከቆጣሪው ይመጣል። ሁለተኛው ወደ ቆጣሪው አይመለስም፤ ጭቃውን ተከትሎ ሄዶ የውሃ ቧንቧው ላይ ተጠምጥሟል። የተጠመጠመበት ቦታ ሽቦው አረንጓዴ ሆኗል፤ የቆየ ነው።

ታሪኩን እዚያው ነገሩኝ፣ እያፈሩም አይደለም። አንድ ክረምት የመመለሻው ሽቦ ተቃጠለ። ጠጋኝ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ ያኔ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የነበረ ሰው «ቧንቧውም መሬት ነው፣ መሬትም መሬት ነው» ብሎ ቧንቧው ላይ አሰረው። ምድጃው ሠራ። ሰውየውም ቤት ቀየረ። ምድጃ በበራ ቁጥር ቧንቧው መንከስ ጀመረ፤ ስለዚህ እጀታውን ጨርቅ አለበሱት፣ ልጆቻቸውን ጫማ ሳያደርጉ እንዳይነኩት አስተማሩ፣ ኑሯቸውን ቀጠሉ። አዲስ ሰው ሲገባ የቤት ኪራዩን ከነገሩት በኋላ ስለ ጨርቁ ይነግሩታል።

ደሜ ፈላ። «ሰው ይሞታል እኮ! ሕፃን ይሞታል!» ብዬ እንደ እብድ ጮኽኩ።

«እስካሁን ማን ሞተ?» አሉኝ ሴትዮዋ፤ ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

ጋሼ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። የመጣው ይምጣ ብዬ የቆጣሪውን ማብሪያ ወደ ታች አወረድኩት። የዚያን ቀን ወጥ በከሰል ተጨረሰ፤ ማኅበርተኛው ዘግይቶ በላ፣ እኔም የተረፈ እርግማን ሁሉ ደረሰኝ። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው በሥርዓቱ እስኪያስጠግኑ ምድጃ እንደማይለኩሱ ግን በልደታ ስም አስማልኳቸው። ምለው እንዳላፈረሱ አውቃለሁ፤ በማግስቱ የባለተራዋ እጅ ከከሰሉ ጠቁሮ አይቼዋለሁ።

ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የምድጃው ኤሌክትሪክ በቧንቧው አድርጎ ወደ መሬት ሲገባ፣ ቧንቧው ያለበት መሬትና ማዶ ኮንቴይነሩ ያለበት መሬት እኩል መሆናቸው ይቀራል። እኔ ደግሞ ሁለቱን በሽቦዬ አገናኝቻቸዋለሁ። ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲያገኝ በእኔ ሽቦ ውስጥ አለፈ። ሴንሰሩ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው፤ ከምድጃው ጩኸት ጋር አንድ ላይ ሣጥኗ ጆሮ ገባ። የምድጃው ኤሌክትሪክ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ሣጥኗም ያንን አልፎ አልፎ ብቻ ብልጭ እያለች ስለምታየው፣ አንዴ ላይ አንዴ ታች ታገኘዋለች። እኛ ግድግዳው ተነፈሰ እንላለን።

ኤሌክትሪሺያኑን ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ዛሬ ቢጠገን ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ያስራል። አለቃዬን ሳልጠይቅ ከቧንቧው ያሰርኩትን ሽቦ ፈታሁት። ከሴንሰሩ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በእርስ ጠመዘዝኳቸውና ሁለቱንም ሣጥኗ ውስጥ ጎን ለጎን አስገባኋቸው፤ ሣጥኗ መሬትን ትታ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እንድታነብ። ሁለቱ ላይ እኩል የሚመጣው ጩኸት እርስ በእርሱ ይጠፋፋል፤ የሚተርፈው የሴንሰሩ ቃል ነው። መጽሐፉም የሚለው ይህንን ነው። ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ «ጨረስኩ» አልኩ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ቁጥሩ ትንሽ ረጋ ብሎ ቆየና መውጣት ጀመረ። አይወዛወዝም፤ ይወጣል ብቻ። ወጣ፣ ወጣ፣ የሣጥኗ ልክ ላይ ደርሶ ተሰቀለ። የሳይቱ ኢንጂነር በትከሻዬ አሻግሮ ሲያይ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ሳልይዘው ከኮንቴይነሩ ወጥቶ «አቁም! አቁም! ግድግዳው ሄደ!» እያለ ወደ እስካቫተሩ ሮጠ። ያ ሁሉ «ኖይዝ ነው» የት እንደገባ እንጃ። እኔም ተከተልኩት፤ ሸርተት ብዬ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ግቢው ደረስኩ። ጋሼ በራፋቸው ላይ እጃቸውን ወደ ሁለቱም መቃን ዘርግተው ቆመዋል፤ ቤቱን ሊይዙት የፈለጉ ይመስላሉ። አልፌያቸው ገባሁ።

ግድግዳው አለ። ስንጥቁ ያው ነው። እትዬ አሉ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ዘፍ አልኩ።

ያጠፋው የእኔ መቸኮል ነበር። ሁለቱን ሽቦ ከመሬት ጨርሼ ስለቆረጥኳቸው ሣጥኗ የምትይዘው አጣች። ባትሪዋ ግድግዳው ላይ፣ ሣጥኗ ማዶ፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ነገር የለም። መሬት ሲበዛ ጩኸት ይገባል፣ ጭራሽ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይንሳፈፋል። የሚያስፈልገው አንድ ቀጭን መንገድ ነው፤ ከኔጌቲቩ ወደ ሣጥኗ ግራውንድ፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ብዙ የማያሳልፍ ሬዚስተር። ሜክሲኮ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ብጠብቅ ኖሮ እዚያው እፈነዳ ነበር። አንድ የሞባይል ጠጋኝ ከተበላሸ አምፕሊፋየር ላይ የምፈልገውን ነቅሎ ሰጠኝና ሂሳብ አልቀበልም አለ፤ ፊቴ አስፈርቶት መሆን አለበት። ተመልሼ አሰርኩት። ቁጥሩ ከተሰቀለበት ወርዶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጸጥ አለ።

ጋሼ ኮንቴይነሩ በር ድረስ መጥተው ነበር። እዚያ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። «እህስ?» አሉ።

«ነገ ጠዋት ጋሼ። አሁን ንጹሕ ሆኗል። ነገ ጠዋት እርግጡን እነግርዎታለሁ።»

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ጩኸቱ ሲወጣ የሚቀረው ቀጥ ያለ መስመር እንደሚሆን አንድም አልተጠራጠርኩም። ራቴን ጨርሼ በላሁ፤ እናቴ «ተፋታችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጠዋት ላፕቶፑን ቆሜ ከፈትኩት። መስመሩ ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ መስመር በሥራ ዘመኔ አግኝቼ አላውቅም። ቀጭን ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ቀጥ ያለ ግን አይደለም። ያዘነብላል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሽቦዎቹን መጠርጠር ነው። ከሴንሰሩ ነቅዬ ሁለቱን አጣበቅኳቸው፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆመ። ሣጥኗ አትዋሽም። መለስኳቸው፤ ማዘንበሉን ካቆመበት ቀጠለ። ሌላ መግቢያ ላይ ሰካሁት፤ ያው። ጭቃ በፀሐይ ይሞቃል፣ በብርድ ይሰበሰባል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲህ ቢሆን ይመለስ ነበር። አይመለስም። ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በጣም በቀስታ፣ ሳያቋርጥ ይሄዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ስንጥቁ በዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲሰፋ ነበር። ያን ጊዜ ጩኸቱ በተመለሰልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ከልቤ ነው የተመኘሁት። ጩኸት ባለበት ሁሉም የፈለገውን ማመን ይችላል።

የሳይቱ ኢንጂነር መጣና አጎንብሶ አየ። «ኖ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቆቡን አወለቀ፤ ፀጉሩን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ስንት ቀን ይቆማል?» አለኝ።

«አላውቅም። ቁጥሩ እየሄደ እንደሆነ እንጂ መቼ እንደሚደርስ አይነግረኝም።»

ስልኩን አውጥቶ በዚያ ጎን ቁፋሮ እንዲቆም አዘዘ፤ ለድጋፍ የሚሆን አጣናም እንዲመጣ። ከዚያ ወደ ግቢው ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ሰሞን ሁሉ በሩጫ የምጨርሰው ነው። ያን ቀን ግን እግሬን እየጎተትኩ፣ የቆሙትን መኪናዎች አንድ በአንድ እያየሁ ሄድኩ። ባልደርስ ደስ ባለኝ።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ የሉም። ቤት ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለእትዬ አጥሚት በማንኪያ ያቀምሳሉ። ሲያዩኝ ማንኪያው በአየር ላይ ቀረ። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደሙኝ። ከእሳቸው ጋር ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ ግድግዳውን ልዳስስ ስገባና ስወጣ እጅ ነሥቼ አልፋለሁ እንጂ። ንግግራቸው ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ይሰበራል፤ ይሰማል ግን።

«አንቺ ልጅ፣ ስትመጪ በእግርሽ ነው የማውቅሽ። ደጅ ላይ ጠብ ጠብ ትያለሽ። ዛሬ ረግተሽ መጣሽ። እንግዲያው ክፉ ነው።»

ጋሼን አየሁ።

«እሱን አትዪው» አሉ እትዬ። «ለእኔ ንገሪኝ። ግድግዳው ሥር የተኛሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ቀን ደጅ ወስደሽ ለእሱ ትነግሪዋለሽ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ፊቴ ጋለ። አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። «እትዬ፣ ግድግዳው እየሄደ ነው። ቀስ ብሎ ነው፤ አይቆምም ግን። ዛሬ መውጣት አለብዎት።»

እትዬ ደኅናውን እጃቸውን አንሥተው ከትራሳቸው ላይ አንድ ነገር አራገፉ። አፈር ነበር። ደቃቅ፣ ቀይ አፈር።

«ሌሊት ሌሊት ሲረግፍ እሰማዋለሁ» አሉ። «ፊቴ ላይ ሁሉ ይወድቃል።»

ጋሼ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጣሉት። «እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ከዚህ ግቢ ወጥተህ የት ትቀመጣለህ? እዚያ ፎቅ ላይ በር ዘግተው ከሚውሉ ሰዎች ጋር ማንን ታወራለህ? ታሞ ይሞትብኛል አልኩ።»

«እኔ እኮ የቆየሁት ለአንቺ ብዬ ነው» አሉ ጋሼ። «አንቺ መውጣት አትፈልጊም ብዬ ነው!»

«እኔስ ለማን ብዬ ነው?» አሉ እትዬ።

እኔ ከተንበረከክሁበት ወለሉን አየሁ። እንደዚያን ቀን ከአንድ ክፍል መውጣት የፈለግኩበት፣ ደግሞም ያልቻልኩበት ጊዜ የለም። ጋሼ አለቀሱ። እትዬ አላለቀሱም፤ በደኅናው እጃቸው የባላቸውን ኮት እጅጌ ይዘው ቆዩ።

ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዛ መጣች። እትዬን ከነፍራሹ ለማውጣት ከግቢው ወንዶችና ከሳይቱ ሠራተኞች አንዳንዶች ተሰበሰቡ፤ የሳይቱ ኢንጂነር በራስጌ በኩል ያዘ። የኩሽናዋ ሴት ጋቢ አምጥተው አለበሷቸው፣ ጠርዙን ከሥራቸው አስገቡት። እኔ በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ ያዝኩ። በሩ ጠባብ ነው፤ ፍራሹ በጎን ካልሆነ አይወጣም። ተሸካሚዎቹ ሲያዘነብሉት የፍራሹ ማዕዘን ግድግዳውን ፈገፈገ፣ ትንሽ ልስንም ረገፈ።

እትዬ ከፍራሹ ላይ ቀና ብለው ተቆጡ።

«ቀስ በሉ እንጂ! ግድግዳዬን ትልጡብኛላችሁ!»

ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ ቆሙ፣ ፍራሹን ወደ መሃል መለሱት፣ ግድግዳውን ሳይነኩ ቀስ አድርገው አወጧቸው።